ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲኖችና ዳፍንት፦ ከጨፋ ሣር እስከ ሬቲና

(ይህ ጽሑፍ በከሚሴ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ግልባጭ ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲኖች ናቸው። በባዮኬሚስትሪ ክፍል ይህን ርእስ ሳስተምር ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሱት የሞለኪውሎቹን ስምና የቀስቶቹን አቅጣጫ ነው። ፈተናው ሲያልፍ ቀስቶቹም አብረው ያልፋሉ። ስለዚህ ዛሬ በሌላ በር ልግባ። ሁላችሁም ከምታውቁት አንድ የአማርኛ ቃል እነሣለሁ፤ ቃሉ ዳፍንት ነው።

ቀን ደኅና የሚያይ ሰው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ማየት ሲሳነው ዳፍንት ያዘው እንላለን። ሌሎች ልጆች በድንግዝግዝ ሲሯሯጡ አንዱ ብቻ ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅ ይላል፤ የደጃፉን ደፍ ይስታል፤ የተቀመጠለትን ገበታ በእጁ ይዳብሳል። ሲነጋ ምንም እንዳልነበረው ሆኖ ይነሣል። ይህ ሕመም ስም ካወጡለት የሰው ልጅ ደዌዎች አንጋፋው ሊባል ይችላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ዓመት ገደማ የተጻፈው የግብፆች የሕክምና ጥቅልል፣ ኤበርስ ፓፒረስ፣ ለዓይን ሕመም የበሬ ጉበትን ያዝዛል። ያ ጉበት ለምን እንደሚያድን ለመረዳት ግን ሦስት ሺህ አራት መቶ ዓመታት ያህል መጠበቅ አስፈልጓል።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ፍሬ ነገር አንድ ነው። የምናይበት ፕሮቲን ግማሹ ከወላጆቻችን የወረስነው፣ ግማሹ ግን ከገበታችን የምናገኘው ነው። ዳፍንት ገበታው ያጎደለውን ክፍል የሚያሳየን ምልክት ነው። ያ ክፍል ሲጎድል ደግሞ የሚጎዳው ዓይን ብቻ አይደለም።

ፕሮቲኑና እንግዳው

በሬቲና፣ ማለትም በዓይናችን የኋላ ግድግዳ ላይ በተነጠፈው ስስ የነርቭ ሽፋን፣ ሁለት ዐይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። ኮን የሚባሉት ሾጣጣ ሕዋሳት በደማቅ ብርሃን ይሠራሉ፤ ቀለም የምንለየውም በእነሱ ነው። ቁጥራቸው በአንድ ዓይን ስድስት ሚሊዮን ያህል ነው። ሮድ የሚባሉት ዘንግ መሰል ሕዋሳት በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩ ናቸው፤ ቁጥራቸው 100 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። በምሽት ሁሉም ነገር ግራጫ የሚመስለን ቀለም የማይለዩት ሮዶች ብቻቸውን ሥራ ላይ ስለሆኑ ነው።

በእያንዳንዱ ሮድ ውስጥ እንደ እንጀራ የተደራረቡ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ስስ ክቦች ይገኛሉ። በእነዚህ ክቦች ላይ የተሰካው ፕሮቲን ሮዶፕሲን ይባላል። በአንድ ሮድ ውስጥ ያለው የሮዶፕሲን ብዛት መቶ ሚሊዮን ያህል ነው።

ሮዶፕሲን የሁለት ነገሮች ጥምረት ነው። የመጀመሪያው ኦፕሲን የተባለው ፕሮቲን ነው። ከ348 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ሲሆን፣ የክቡን ሽፋን ሰባት ጊዜ እየበሳ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። የአሠራሩ መመሪያ በዘረ መላችን ውስጥ ተጽፏል፤ ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ኦፕሲን ብቻውን ግን ለሚታይ ብርሃን ዕውር ነው፤ ብርሃኑ ሳይነካው ያልፋል። ሁለተኛው ሬቲናል የተባለው ትንሽ ሞለኪውል ነው። በኦፕሲን መካከል ባለው ዋሻ ውስጥ ገብቶ፣ 296ኛው ቦታ ላይ ከሚገኘው ላይሲን ከተባለው አሚኖ አሲድ ጋር ይተሣሠራል። ብርሃኑን የሚይዘው እሱ ነው። ሬቲናል የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ሲሆን፣ ሰውነታችን ቫይታሚን ኤን ከምንም ተነሥቶ መፍጠር አይችልም። ስለዚህ ሬቲናል በእያንዳንዳችን ዓይን ውስጥ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ዕውቀት ደረጃ በደረጃ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ጀርመናዊው ፍራንዝ ቦል በጨለማ የቆየ እንቁራሪት ሬቲና ቀይ ሆኖ ብርሃን ሲያርፍበት እንደሚደበዝዝ አየ። ቪሊ ኪዩነ ይህን ቀይ ነገር አጣርቶ አወጣው፤ ሮዶፕሲን የሚለው ስምም ከእሱ ዘመን የቀረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ወጣቱ ጆርጅ ዋልድ በሬቲና ውስጥ ቫይታሚን ኤ መኖሩን አረጋገጠ። ከዚያም ዑደቱን በመዘርዘር እ.ኤ.አ. የ1967 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በጉበትና በምሽት እይታ መካከል ያለው ድልድይ የተሠራው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጉበት የቫይታሚን ኤ ዋና ጎተራ ነውና።

አንድ ፎቶን ምን ያደርጋል?

ሬቲናል በጨለማ ሳለ በ11ኛው ካርቦኑ ላይ የታጠፈ ነው። ይህን መልክ ሲስ እንለዋለን። እንደ ተጠመደ ወጥመድ ቁጠሩት። አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንዲት የብርሃን ቅንጣት፣ ስታርፍበት ወጥመዱ ይፈናጠራል፤ ሬቲናል ትራንስ ወደሚባለው ቀጥ ያለ መልኩ ይዘረጋል። ይህ የሚፈጀው 200 ፌምቶ ሴኮንድ ያህል ነው፤ አንድ ፌምቶ ሴኮንድ አንድን ሴኮንድ ለሚሊዮን ከፍለን፣ የተገኘውን እንደገና ለቢሊዮን ስንከፍለው የሚደርሰን ነው። በባዮሎጂ ከሚታወቁት ኬሚካዊ ለውጦች እጅግ ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ነው።

የወጥመዱ ጥራት ከፍጥነቱ ይልቅ ይደንቃል። አንድ የሮዶፕሲን ሞለኪውል ያለ ብርሃን፣ በሙቀት ብቻ፣ በስሕተት የሚፈናጠረው በአማካይ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት አንድ ጊዜ ነው። መቶ ሚሊዮን ወጥመዶች በአንድ ሕዋስ ውስጥ ተጠምደው ጨለማው ጨለማ ሆኖ የሚታየን በዚህ ምክንያት ነው።

ሬቲናል ሲዘረጋ ኦፕሲን ቅርጹን ይለውጣል። የተለወጠው ኦፕሲን ትራንስዱሲን የተባለውን ፕሮቲን ያነቃል፤ አንድ ኦፕሲን በርካታ ትራንስዱሲኖችን ተራ በተራ ይቀሰቅሳል። እያንዳንዱ ትራንስዱሲን የሮዱን በሮች ከፍቶ የሚይዘውን ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለ መልእክተኛ የሚያፈርስ ኢንዛይም ያስነሣል። መልእክተኛው ሲያንስ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ወደ ሕዋሱ ይገባ የነበረው የሶዲየምና የካልሲየም ፍሰት ይቀንሳል፤ ሮዱ ወደ ቀጣዩ ነርቭ ያለማቋረጥ ይለቅ የነበረውን ኬሚካል ያቆማል። ልብ በሉ፤ ሮድ በጨለማ የሚናገር፣ በብርሃን ዝም የሚል ሕዋስ ነው። አንጎላችን ብርሃንን የሚያነበው ከዚህ ዝምታ ነው።

ከአንዲት ቅንጣት ተነሥቶ በየደረጃው እየተባዛ የሚሄደው ይህ ሰንሰለት ሮዱን ለአንድ ፎቶን እንኳ መልስ እንዲሰጥ ያስችለዋል። እ.ኤ.አ. በ1942 ሄክት፣ ሽሌርና ፒሬን ባደረጉት የታወቀ ሙከራ፣ በጨለማ የቆየ ሰው ብርሃን አየሁ ለማለት በሮዶቹ ላይ ጥቂት ፎቶኖች ብቻ መያዛቸው እንደሚበቃው አሳይተዋል።

ለሕዋስ ባዮሎጂ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ሰባት ጊዜ ሽፋን የሚበሳው የኦፕሲን አወቃቀር የዓይን ብቻ አይደለም። አድሬናሊንን የሚቀበለው፣ ሽታን የሚለየው፣ ሌሎችም በመቶዎች የሚቆጠሩ ተቀባዮች በዚሁ ንድፍ የተሠሩ ናቸው። በሥራ ላይ ካሉት መድኃኒቶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሚሠሩት በዚህ ቤተሰብ ላይ ነው። ከዚህ ቤተሰብ ዝርዝር ቅርጹ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ከከብት ዓይን የተገኘው ሮዶፕሲን ነበር። በየቄራው የሚጣለው የበሬ ዓይን የመድኃኒት ሳይንስን በር ከፍቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወጥመዱን ማን መልሶ ያጠምደዋል?

የተዘረጋው ሬቲናል በዚያው መልኩ አያገለግልም። ከኦፕሲን ተላቆ ከሬቲና ጀርባ ወዳለው ጥቁር የሕዋስ ንጣፍ ይጓዛል። በዚያም አርፒኢ65 የሚባል ኢንዛይም ወደ ታጠፈው ቅርጹ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ወደ ሮድ ተመልሶ ባዶ ኦፕሲን ውስጥ ይገባል። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጨለማ ቤት ስንገባ በመጀመሪያ ምንም የማይታየን፣ እየቆየን የምንለምደው ይህ መልሶ የማጥመድ ሥራ ጊዜ ስለሚወስድ ነው፤ ሙሉ ለሙሉ ለመልመድ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ያስፈልጋል።

ዑደቱ ግን ፍጹም አይደለም። በየቀኑ ከሮዱ ክቦች አንድ ዐሥረኛ ያህሉ አርጅተው በጥቁሩ ንጣፍ ይዋጣሉ፤ አዲስ ይተካሉ። በመንገድ ላይ የሚባክን ሬቲናል አለ። ማሟያው የሚመጣው በደም በኩል ከጉበት ነው። ጉበት ሲራቆት ኦፕሲኑ ይሠራል፣ እንግዳው ግን አይመጣም፤ መቶ ሚሊዮኑ ወጥመድ ሳይጠመድ ይቀራል። በደብዛዛ ብርሃን የምናየው በሮድ ብቻ ስለሆነ ጉድለቱ መጀመሪያ የሚገለጠው ሲመሽ ነው። ዳፍንት ማለት በሞለኪውል ቋንቋ ይኸው ነው።

ከዚህ የሚከተል መልካም ዜና አለ። በዚህ ደረጃ ላይ ሕዋሱ አልሞተም፤ የሚጠብቀው እንግዳውን ብቻ ነው። በቫይታሚን ኤ እጥረት ዳፍንት የያዘው ሕፃን ተገቢውን መጠን ሲያገኝ እይታው ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይመለሳል። ይህ ፈጣን መልስ ሕክምናም ምርመራም ነው። ልጁ ታክሞ ለውጥ ካላሳየ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። ለምሳሌ በራሱ በሮዶፕሲን ዘረ መል ላይ በሚደርስ ለውጥ የሚመጣ በዘር የሚተላለፍ የሬቲና ሕመም አለ፤ በዚያ ጊዜ የጎደለው ገበታው ሳይሆን ውርሱ ነው፤ ልጁም ወደ ዓይን ሐኪም መላክ አለበት።

ከዓይን ባሻገር

የብርሃን ተቀባዮች ቤተሰብ ሰፊ ስለሆነ በአጭሩ ብቻ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሜላኖፕሲን የተባለ ኦፕሲን ተገኘ። በሬቲና ጥቂት የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ተቀምጦ ቀንና ሌሊትን ለሰውነታችን ሰዓት ይነግራል፤ ምስል ለማየት ግን አይደለም። ሮድና ኮን የጠፉባቸው አንዳንድ ዓይነ ስውራን የእንቅልፍ ሰዓታቸው ያልተዛባው በእሱ ነው። እጅግ ጨዋማ በሆኑ ውኃዎች የሚኖሩ ደቂቅ ዘአካላት ደግሞ ሬቲናልን ተጠቅመው ከብርሃን ኃይል ያመነጫሉ። ከአንድ አረንጓዴ ዋቅላሚ የተገኘው ቻነልሮዶፕሲን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የነርቭ ሕዋሳትን በብርሃን ለማዘዝ አገልግሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2021ም በዚህ ዘዴ ዓይነ ስውር የነበረ አንድ ሰው ከልዩ መነጽር ጋር ዕቃዎችን በከፊል ለመለየት መቻሉ ታትሟል። ይህ ሁሉ የምሥራች ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አዳራሽ ዙሪያ ላሉ ቀበሌዎች ከዚህ ይልቅ የሚያንገበግበው ጥያቄ ሌላ ነው።

ቫይታሚን ኤ ሁለተኛ ሥራ አለው። ሕዋሳት ወደ ሬቲኖይክ አሲድ ይለውጡታል። ይህ ሞለኪውል ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘረ መሎችን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የዓይንን የፊት ሽፋን፣ የመተንፈሻ ቧንቧንና የአንጀትን ግድግዳ እርጥብና ጤነኛ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው፤ በሽታ የመከላከል ኃይልም ይደግፋል። ጉድለቱ ሲከፋ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ አረፋ መሰል ነጭ ነጥብ ይወጣል፤ የቢቶ ነጥብ ይባላል። ከዚያ ብሶ ኮርኒያው ይደርቃል፣ ይቀልጣል፤ ያን ጊዜ የጠፋው ብርሃን አይመለስም። ኩፍኝ ሲጨመርበት ይህ ጉዞ በቀናት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ኩፍኝ የያዘው ሕፃን በሁለት ተከታታይ ቀናት ቫይታሚን ኤ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

ግድግዳዎቹ የሚፈርሱት ግን ዓይን ላይ ብቻ አይደለም። አልፍሬድ ሶመርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ከኢንዶኔዥያ ባወጡት ጥናት፣ ቀላል የሚባለው የዓይን ምልክት ያለባቸው ሕፃናት ከሌሎቹ አራት እጥፍ ያህል ይሞቱ እንደነበር አሳይተዋል። የሚሞቱትም በዓይን ሕመም ሳይሆን በተቅማጥ፣ በሳንባ ምችና በኩፍኝ ነበር። እንክብሉ ሞትን በምን ያህል እንደሚቀንስ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ከአምስት አንድ በላይ ቅነሳ አሳዩ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕፃናትን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የሕንድ ጥናት ግን እጅግ ያነሰ ውጤት አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተደረገው ማጠቃለያም 12 በመቶ ላይ ደረሰ። ለእኔ ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። እንክብሉ የሚጠቅመው ጉድለቱ ባለበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ጉድለቱ የት እንዳለ ማወቅ ግዴታ ነው።

በእኛ አገር

ይህን በሚመለከት አገራችን የራሷ መረጃ አላት። በዶክተር ዘውዴ ወልደገብርኤልና ባልደረቦቹ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው አገር አቀፍ ጥናት ሕፃናትን በአኗኗር ቀጠና ከፍሎ መርምሯል። የቢቶ ነጥብ በአርብቶ አደር አካባቢ 1.6 በመቶ፣ በእህል አምራች አካባቢ 1.1 በመቶ፣ ቡናን የመሰለ የገበያ ሰብል በሚመረትበት 0.4 በመቶ ሲሆን፣ እንሰት በሚበቅልበት አካባቢ ግን አልተገኘም። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ሌላ አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ በሕፃናት ላይ የቢቶ ነጥብን 1.7 በመቶ፣ ዳፍንትን 0.8 በመቶ አግኝቷል፤ በደማቸው ያለው ቫይታሚን ኤ ዝቅተኛ የሆነ ሕፃናት ግን 37.7 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የቢቶ ነጥብ ከ0.5 በመቶ ሲያልፍ፣ የደሙም ጉድለት 20 በመቶ ሲደርስ የሕዝብ ጤና ችግር፣ ሁለተኛው ደግሞ ከባድ ችግር ነው ይላል።

የእነዚህን ቁጥሮች ርቀት ልብ በሉ። ዳፍንት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ድብቁ ጉድለት ግን ከሦስት ሕፃናት በአንዱ በላይ ነው። በአንድ መንደር አንድ ልጅ ዳፍንት ከያዘው በዙሪያው ጉበታቸው የተራቆተ ብዙ ልጆች አሉ ማለት ነው። አንዱ ልጅ የብዙዎች መልእክተኛ ነው።

አሁን ይህን ንድፍ በምንኖርበት ምድር ላይ እናስቀምጠው። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን እህል አምራቹና አርብቶ አደሩ ተያይዘው የሚኖሩበት ምድር ነው። ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ባቲ፣ ደዌ ሐረዋ፤ በነዚህ ወረዳዎች ዋናው ሰብል ማሽላ ነው፤ ማሾም በሰፊው ይዘራል። ማሽላ ጉልበት ይሰጣል፤ ማሾ ፕሮቲን ይሰጣል። ነጭም ሆነ ቀይ ማሽላ ግን ቫይታሚን ኤ የሚሆን ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ሆዱ የጠገበ ልጅ ጉበቱ ባዶ ሊሆን ይችላል።

እንግዳው ታዲያ ከየት ይመጣል? አንዱ መንገድ የሚጀምረው ከጨፋ ነው። ቦርከና የሚያረሰርሰው የጨፋ ረግረግ በበጋ ዙሪያው ሲደርቅ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ወደዚያ የሚያወርዱት ለዚህ ነው። በአረንጓዴ ሣር ውስጥ ካሮቲን የሚባል ቢጫ ቀለም አለ። ላሟ ሣሩን ስትግጥ ከካሮቲኑ ከፊሉን ወደ ቫይታሚን ኤ ትለውጠዋለች፤ የቀረው ቅቤዋን ያቢጨዋል። የፍየል ቅቤ ነጭ የሚሆነው ፍየል ካሮቲኑን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ስለምትለውጠው እንጂ ቫይታሚኑ ስለሌለው አይደለም። በፀሐይ የደረቀ የማሽላ አገዳ ብቻ የምትበላ ላም ግን ለጥጃዋም ለልጃችንም የምታካፍለው ትንሽ ነው። ስለዚህ የሣሩ ወቅት የልጁ የምሽት እይታ ወቅትም ነው። ጨፋ ሲጠብ ወይም በግጭት ምክንያት ከብት ሳይደርስበት ሲቀር የሚጎድለው ወተት ብቻ አይደለም።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ መታጠፊያ አለ። ቫይታሚን ኤ በስብ የሚሟሟ ነው። ወተት ሲናጥ ቫይታሚኑ ከቅቤው ጋር ይወጣል፤ በአሬራው የሚቀረው ፕሮቲንና ካልሲየም ነው። ቅቤው ለከሚሴ ገበያ ወይም ለባቲ የሰኞ ገበያ ወጥቶ አሬራው ለልጁ ከቀረ፣ የሸጥነው ቅቤ ብቻ አይደለም። ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ዴንማርክ ቅቤዋን ለውጭ ገበያ ትሸጥ ነበር። የድኾች ልጆች የተገፈፈ ወተትና በዚያን ጊዜ ቫይታሚን ያልነበረበትን ማርጋሪን ይመገቡ ነበር፤ ዓይናቸው እየደረቀ የሚመጡትን ሕፃናት ካርል ብሎክ የተባለ ሐኪም መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1917 መጨረሻ ቅቤ በራሽን ለሁሉም እንዲዳረስ ሲደረግ ሕመሙ በተከታዩ ዓመት ጠፋ። በቅቤ የበለጸገች አገር ልጆቿ በቅቤ እጦት ታወሩባት።

ቤተሰብ ቅቤውን አይሽጥ እያልሁ አይደለም። የቅቤው ገንዘብ ጨው፣ ዘይት፣ የትምህርት ቤት ደብተር ይገዛል። ከመሸጡ በፊት ከአምስት ዓመት በታች ላለው ልጅ ጥቂት ይቀመጥለት ነው የምለው። ሁለተኛው መንገድም አለ። በጓሮ ጎመን፣ በዱባ፣ በካሮት፣ በመስኖ በሚለማ ማንጎና ፓፓያ ውስጥ ካሮቲን አለ። የእኛ አንጀት ግን እንደ ላሟ ቸር አይደለም፤ ከምግብ የሚገኝ 12 ማይክሮ ግራም ቤታ ካሮቲን የሚሰጠን አንድ ማይክሮ ግራም ቫይታሚን ኤ ነው። ያውም ምግቡ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ካገኘ ነው። ጎመኑን በጨው ብቻ ቀቅሎ ለልጅ ማብላት ቫይታሚኑን አሳይቶ መንሳት ነው።

ምን ይጠበቅብናል?

በአገራችን ከ6 እስከ 59 ወር ያሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የቫይታሚን ኤ እንክብል እንዲያገኙ ተደንግጓል፤ ከዓመት በታች ላሉት 100,000 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ ለሆኑት 200,000 ዩኒት። በየስድስት ወሩ የሆነው በዘፈቀደ አይደለም፤ የጉበት ጎተራ ከአንድ መጠን በኋላ የሚቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ይህን መንገድ ሲያቋርጥ እንዳየነው፣ የጤና አገልግሎት ለአንድ ዙር ሲስተጓጎል ጎተራው አይጠብቅም። ለነፍሰ ጡር እናቶች ግን ይህ ከፍተኛ መጠን አይሰጥም። ሬቲኖይክ አሲድ የጽንስን አካል የሚቀርጹ ዘረ መሎችን ስለሚያዝ ሲበዛ ጽንስን ይጎዳል። ጥቂቱ የሚያድን፣ ብዙው የሚጎዳ ሞለኪውል ነውና በልክ መያዝ አለበት።

በመጨረሻ ለእናንተ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለነገ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የደም ምርመራ ውድ ነው፤ ማቀዝቀዣና ቤተ ሙከራ ይፈልጋል። ዳፍንትን ለማወቅ ግን ጥያቄ ብቻ ይበቃል። የጥናት ባለሙያዎችም መጠይቃቸውን የሚያዘጋጁት ኅብረተሰቡ ለዚህ ሕመም ያወጣውን ስም ፈልገው ነው፤ ሳይንስ እዚህ ላይ የእናቶችን ቃል ይከተላል። እናት ልጇን ለክትባት ይዛ ስትመጣ፣ «ልጅሽ ቀን ደኅና ያያል? ሲመሽስ እንደ ጓደኞቹ ይሄዳል?» ብላችሁ በምትናገረው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ይሁን በአማርኛ፣ ጠይቋት። ጥያቄው ሁለት ዓመት ካለፈው ልጅ ጀምሮ ይሠራል፤ ከዚያ በታች ያለ ሕፃን በምሽት ስለማይንቀሳቀስ ለመለየት ያስቸግራል። መልሷ «ሲመሽ ይደናቀፋል» ከሆነ ልጁን በዚያው ዕለት አክሙት፤ በማግሥቱና ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሙለት። ከዚያ ወደ መንደሩ ሂዱ፤ ስለ ሌሎቹ ልጆች ጠይቁ፤ የኩፍኝ ክትባታቸውን ተመልከቱ፤ ስለ ወተቱና ስለ ቅቤው አነጋግሩ።

ተማሪዎቼም ሮዶፕሲንን ስትጽፉ ቀስቱን ከሬቲና አትጀምሩ። ከሣሩ፣ ከላሟ፣ ከጓሮው ጎመን ጀምሩት። ዑደቱ ሙሉ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ይህን ዑደት በዞናችን ቆላና ወይና ደጋ፣ በበጋና በክረምት፣ ከቤት ቤት እየለየ የሚያጠና የምርምር ሥራ ከእናንተ መካከል እንደሚወጣ ተስፋ አደርጋለሁ።